የእኩሌታው ሲሶ

ልጄ፣ ክፍልፋይ ማባዛቱን ታውቂዋለሽ፤ ላዕልን በላዕል፣ ታህትን በታህት። ማካፈሉንም ታውቂዋለሽ፤ ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ነው። ሁለቱም ሕግ መዳፍሽ ላይ ቢጻፍ ቦታ ይተርፋል። ታዲያ ይህን እያወቅሽ ፈተና ላይ የሚጠፋብሽ ለምንድን ነው? እኔ የሒሳብ መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ቡና መጋዘን ውስጥ የሚዛን መዝገብ ስይዝ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የጅማው የአወቱ መንደራ ሰፈር ሰው የውርስ ሒሳብ ይዞልኝ ይመጣል። ሁለቱም ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍልፋይ ነው። እዚያ ካየሁት ስህተት አብዛኛው ሕጉን ከመርሳት የመጣ አይደለም፤ ክፍልፋዩ የምን ክፍልፋይ እንደሆነ ከመዘንጋት ነው። ምክሬም የሚዞረው በዚሁ ነገር ዙሪያ ነው።

1. ክፍልፋይ ስታዪ አስቀድመሽ «የምኑ?» በዪ።

ሲሶ ብቻውን መጠን አይደለም። የኩንታል ሲሶ 33 ኪሎ ከ1/3 ነው፤ የፈረሱላ ሲሶ ግን 5 ኪሎ ከ2/3። በእኛ አገር ሁለቱም መለኪያ ጎን ለጎን ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንኳ የቡና ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው። 17 ደግሞ ተንኮለኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለቀሪ የሚያካፍለው የለም። አንድ ኩንታል ወደ ፈረሱላ ሲለወጥ 5 ጊዜ ደርሶ 15 ይተርፋል። «5 ፈረሱላ ከ15 ኪሎ» ያለ ትክክል ነው። «5 ከ15/17 ፈረሱላ» ያለም ትክክል ነው። «5.15 ፈረሱላ» ብሎ የሚጽፍ ግን አለ፤ እሱ ከ17 የተረፉትን 15 ኪሎዎች ከመቶ እንደተረፉ አድርጎ ቆጠራቸው። 15/17 አንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ 0.15 ሩብ እንኳ አይሞላም። በዚህች ነጥብ ብቻ ከእያንዳንዱ ኩንታል ከ12 ኪሎ በላይ ይጠፋል።

2. ከድርሻ ላይ ድርሻ ሲወሰድ ማባዛት ነው።

የእኩል እርሻ ምን እንደሆነ አባትሽ ያውቃል። አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ጉልበቱን ያመጣና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። አሁን የባለመሬቱ ወገን ሦስት ወንድማማቾች ናቸው እንበል። እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ምርት የሚደርሳቸው የእኩሌታው ሲሶ ነው፤ 1/2 × 1/3 = 1/6። አራት ማዕዘን ሣዪና በቁም ለሁለት፣ በአግድም ለሦስት ክፈዪው፤ ስድስት እኩል ቦታ ይሆናል፣ አንዱ ቦታ የአንዱ ወንድም ነው። ታህት በታህት የሚባዛው መላው ስንት ቦታ እንደተቆራረጠ ለማወቅ ነው። ላዕል በላዕል የሚባዛው ከተቆራረጠው ውስጥ ስንቱ የኛ እንደሆነ ለመቁጠር ነው። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ግን አንድ ወጥመድ ላሳይሽ። ከ1/2 ላይ 1/3 ሲቀነስም ውጤቱ 1/6 ነው! ጥያቄው ሳይገባው የቀነሰ ልጅም በዚህ ምሳሌ ማርክ ያገኛል፣ አስተማሪውም ገብቶታል ብሎ ያልፋል። 1/3 እና 1/4ም እንዲሁ ናቸው፤ ብዜታቸውም ልዩነታቸውም 1/12 ነው። ላዕላቸው 1 ሆኖ ታህታቸው ተከታታይ ቁጥር የሆነ ሁለት ክፍልፋዮች ሁልጊዜ እንዲህ ይገጥማሉ። ስለዚህ ራስሽን ስትፈትኚ 1/2 እና 1/5ን ውሰጂ፤ ብዜቱ 1/10፣ ልዩነቱ 3/10 ነው፤ የተሳሳተ ወዲያው ይታወቃል።

3. ማባዛት ያበዛል፣ ማካፈል ያሳንሳል የሚለውን ሐሳብ ከሙሉ ቁጥር ጋር እዚያው ተዪው።

ከአንድ በሚያንስ ስታባዢ መልሱ ያንሳል፤ ከአንድ በሚያንስ ስታካፍዪ ይበልጣል። እርሳስሽን ከማንሣትሽ በፊት መልሱ ከመነሻው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለሽ ገምቺ።

4. ድብልቅ ቁጥርን በየወገኑ አታባዢ።

1 ከ1/2 በ1 ከ1/2 ሲባዛ ስንት ነው? ብዙ ልጅ «አንድ በአንድ አንድ፣ ግማሽ በግማሽ ሩብ» ብሎ 1 ከ1/4 ይላል። ወደ ሜዳው እንሂድ። መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን 74110 እና 74112 የሚባሉትን የቡና ዝርያዎች ታውቂያቸዋለሽ፤ የቡና ፍሬ በሽታ በ1960ዎቹ አገሩን ሲያጠቃ በሽታውን ተቋቁመው የተመረጡ ናቸው። ቅርንጫፋቸው የተሰበሰበ ስለሆነ ጠጋ ተደርገው ሊተከሉ ይችላሉ። በችግኝና በችግኝ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ሜትር ተኩል ተዉ እንበል። ለአንድ ችግኝ የሚደርሰውን ካሬ ሣዪው፦ አንድ ሙሉ ካሬ ሜትር አለ፤ በጎኑ ግማሽ፣ በግርጌው ሌላ ግማሽ፣ በማዕዘኑ ሩብ። ድምሩ 2 ከ1/4 ነው። «1 ከ1/4» ያለው ልጅ ሁለቱን ግማሾች ሜዳ ላይ ጥሏቸው ሄዷል።

ስለዚህ ድብልቁን መጀመሪያ ወደ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ ለውጪው፤ 3/2 × 3/2 = 9/4። (ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ለማባዛትና ለማካፈል ከድብልቁ ይልቅ ታዛዥ ነው።) አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2500 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ 2500 ÷ 9/4 = 10000/9፤ 1111 ችግኝ ከ1/9። አንድ ዘጠነኛ ችግኝ አይተከልምና 1111 ትዪያለሽ። በልጁ ስሌት ግን 2500 ÷ 5/4 = 2000 ችግኝ ይገዛ ነበር። ወደ 900 የሚጠጋ ችግኝ ቦታ አጥቶ ይቀራል።

5. የውርስ ሒሳብን እንደ ትምህርት ቤት ቁጠሪው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያወርሳል። በሸሪዓ መዳኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እንደተፈቀደው፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ወደዚያ መሄድ ይችላል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እኔ ቃዲ አይደለሁም። ሒሳቡ ግን ሊያመልጥሽ አይገባም። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ተቀምጦ አልጀብራ ለሚባለው ትምህርት ስሙን የሰጠውን መጽሐፍ ሲጽፍ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ነበር። ሰዎች ክፍልፋይን ያጠኑት ለፈተና ብለው አልነበረም።

አንድ ሰው ሚስቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹንና አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ሞተ እንበል፤ ወላጆቹ ቀድመውታል፣ ሚስቱም የልጆቹ እናት ናት። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ በሸሪዓው ለሚስት 1/8 ይወጣል። የቀረው 7/8 ለልጆቹ ነው፤ ወንድ ሁለት እጅ፣ ሴት አንድ እጅ። እጆቹ ሲቆጠሩ 2 + 2 + 1 = 5። እንግዲህ ሴቷ ልጅ የሚደርሳት 1/5 ነው፤ የምኑ? የሀብቱ ሁሉ አይደለም፣ የቀረው 7/8 ነው። 7/8 × 1/5 = 7/40። እያንዳንዱ ወንድ 14/40፣ እናት 1/8 ማለትም 5/40። ደምሪው፦ 5 + 14 + 14 + 7 = 40። ድምሩ ሙሉ ካልሆነ አንድ ሰው ተበድሏል ወይም አንድ ሰው አለአግባብ ወስዷል።

አሁን የሚያደናግረው መጣ። በእኛ በኩል ሀብት ሳይከፋፈል ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ የቡናው ፍሬ በየዓመቱ በጋራ ይለቀማል፣ ገንዘቡ ይበላል፣ ማንም አይጠይቅም። በዚህ መካከል ያቺ ሴት ልጅ ሞተች እንበል፤ ባል አላት፣ ልጅ የላትም። ከእሷ ድርሻ ለባሏ 1/2፣ ለእናቷ 1/6 ይወጣል፤ የቀረው 1/3 ለሁለቱ ወንድሞቿ ነው። ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ብትሰሚ «ለባል እኩሌታ» የሚለውን ቃል ይዘው ነው፤ እኩሌታው የማን እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ለባል የሚደርሰው የልጅቷ ድርሻ እኩሌታ ነው፤ 7/40 × 1/2 = 7/80። ለእናት 7/40 × 1/6 = 7/240። ለወንድሞቿ 7/40 × 1/3 = 7/120፣ ለእያንዳንዳቸው 7/240። ሁሉንም በ240 ስትጽፊው እናት ከባሏ ያገኘችው 30 ከልጇ 7 ተጨምሮበት 37 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወንድም 84 እና 7፣ 91 ይሆናል፤ ባል 21። ድምሩ 37 + 91 + 91 + 21 = 240። እኔ ዘንድ በጩኸት የገባ ሰው ይህን ድምር በዓይኑ ሲያይ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ድምሩ ከአንድ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ። አንዲት ሴት ባልና በአባትም በእናትም የሚገናኟት ሁለት እህቶች ብቻ ትታ ከሞተች፣ ለባል 1/2፣ ለእህቶች በጋራ 2/3 ይባላል፤ ተደምሮ 7/6 ነው። ሀብቱ ስድስት፣ ጥያቄው ሰባት። ሊቃውንቱ ዐውል ብለው በሚጠሩት ዘዴ ታህቱን 7 አድርገው ለባል 3/7፣ ለእህቶች 4/7 ይሰጣሉ። ልብ በዪው፤ ይህ የሁሉንም ድርሻ በ6/7 ማባዛት ነው፣ 1/2 × 6/7 = 3/7፣ 2/3 × 6/7 = 4/7። ጉድለቱ አንዱ ጫንቃ ላይ አልወደቀም፤ ሁሉም በያዘው ልክ ቀነሰ። ከክፍልፋይ ማባዛት ውስጥ ለእኔ እንደዚህ የሚያምር የለም።

6. ማካፈልን «ስንት ጊዜ ይወጣዋል?» ብለሽ አንብቢው፤ የተረፈውንም ሰይሚው።

5 ኪሎ የተፈጨ ቡና አለ፤ በ3/4 ኪሎ እየታሸገ ስንት እሽግ ይወጣዋል? መለኪያውን አንድ አድርጊው፦ 5 ኪሎ 20 ሩብ ነው፣ አንዱ እሽግ 3 ሩብ ነው። 20ን ለ3፣ 6 ከ2/3። መለኪያው አንድ ከሆነ ታህቱን ረስተሽ ላዕልን ለላዕል ታካፍዪያለሽ። 2/3 ÷ 3/4ም ቢሆን 8/12 ÷ 9/12 ነው፣ መልሱ 8/9። ገልብጪ የሚለው ሕግ የዚህ አቋራጭ መንገድ ነው።

አሁን ሚዛን ላይ የተረፈውን መዝኚው፤ ግማሽ ኪሎ ነው። መልሱ ግን 2/3 ይላል። ማን ዋሸ? ማንም። 2/3ቱ የእሽጉ ነው፣ ግማሹ የኪሎው ነው፤ የ3/4 ሁለት ሦስተኛ 1/2 ነው። ፈተና ላይ «ስንት ኪሎ ተረፈ?» ሲባል 2/3 ብለው የሚጽፉት ልጆች ሒሳቡን ሠርተው ጥያቄውን የሳቱ ናቸው።

7. ማካፈል «ለአንድ ሙሉ ስንት?» ተብሎም ይነበባል፤ የመገልበጡ ምክንያት እዚህ ይገኛል።

3/4 ኪሎ ቡና 450 ብር ከሆነ አንዱ ኪሎ ስንት ነው? ነጋዴ ወረቀት አያወጣም፤ ሦስቱ ሩብ 450፣ አንዱ ሩብ 150፣ አራቱ ሩብ 600 ይላል። ምን አደረገ? ለ3 አካፈለ፣ በ4 አባዛ፤ ማለትም በ4/3 አባዛ። 450 ÷ 3/4 ለማለት ክፍልፋዩን ገለበጠው። መርካቶ ሒርማታ ያለች ባለሱቅ ተገላባጭ የሚለውን ቃል ሳትሰማ ቀኑን ሙሉ ስትገለብጥ ትውላለች።

የሚገለበጠው አካፋዩ ብቻ ነው፣ ተከፋዩ አይነካም። ማቃለልም ካስፈለገሽ ከገለበጥሽ በኋላ ይሁን፤ 15/16 × 8/45ን ሳታባዢ በፊት አቃልዪውና 1/6 በእጅሽ ነው፤ የመደመር ምልክት ባለበት ግን በፍጹም አታጣፊ።

8. ለስሌቱ ታሪክ ፍጠሪለት።

ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የአሜሪካና የቻይና አንደኛ ደረጃ መምህራንን በአንድ ጥያቄ አወዳድራለች፦ 1 ከ3/4 ÷ 1/2ን ሥሩ፣ ከዚያ ለስሌቱ የሚሆን ታሪክ ንገሩን። ከ23ቱ አሜሪካውያን መልሱን በትክክል የጨረሱት 9 ነበሩ፤ የሚሆን ታሪክ ያመጣው አንድ ብቻ ነው። 72ቱ ቻይናውያን ሁሉም ሠሩት፣ 65ቱ ታሪክም አመጡ። አስተማሪዎች ናቸው ይህን የሳቱት፤ ስለዚህ ለጊዜው ቢያስቸግርሽ አትፈሪ።

ብዙዎቹ የተሰናከሉበት ድንጋይ እኛም ሰፈር አለ። 1 ከ3/4 ዳቦን ለሁለት ሰው ያካፍላሉ። ያ ለ2 ማካፈል ነው፣ መልሱ 7/8 ነው። «በግማሽ እንካፈለው» ስንባባልም ለሁለት ማለታችን ስለሆነ ጆሯችን ያሳስተናል። ለ1/2 ማካፈል ሌላ ነው፦ 1 ኪሎ ከ3/4 ጥሬ ቡና አለ፣ ምጣዱ በአንዴ ግማሽ ኪሎ ይቆላል፤ ስንት ምጣድ ይወጣዋል? 3 ከ1/2። ደብተርሽ ላይ ባለው በእያንዳንዱ የማካፈል ጥያቄ ጎን እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ።

9. የጎደለው በጎደለበት ልክ አይመለስም።

ቡና ሲቆላ ክብደት ይቀንሳል። እንደ አቆላሉ ይለያያል፤ ለሒሳባችን 1/6 ይቀንሳል እንበል። እናትሽ 6 ኪሎ የተቆላ ብትፈልግ ስንት ጥሬ ትግዛ? አብዛኛው ሰው 6 ላይ የ6ን ስድስተኛ ይጨምርና 7 ይላል። 7 ኪሎ ሲቆላ 7 × 5/6 = 5 ከ5/6 ነው፤ ጎደለ። የጠፋው የጥሬው ስድስተኛ ነው፣ አንቺ የጨመርሽው የተቆላውን ስድስተኛ ነው። የሚሠራው ማካፈል ነው፤ 6 ÷ 5/6 = 6 × 6/5 = 7 ከ1/5። ስድስተኛ የጎደለ በአምስተኛ ይመለሳል፣ ሩብ የጎደለ በሲሶ፣ ሲሶ የጎደለ በእኩሌታ። የዋጋ ቅናሽ ያደረገ ነጋዴም ወደ ድሮው ዋጋ ሲመለስ እዚሁ ላይ ይወድቃል።

10. ሰንሰለት ሲሆን ቀለበቶቹን አባዢ፤ የጠፋውን ቀለበት በማካፈል ፈልጊ።

እሸት ቡና ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፣ ጀንፈሉ ተቀሽሮ ንጹህ ቡና ይወጣዋል። በግምት ከ6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹህ፣ ከ2 ኪሎ ጀንፈልም 1 ኪሎ ንጹህ ይገኛል ብለን እንያዝ፤ እንደ ዓመቱና እንደ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከእሸት ወደ ንጹህ 1/6፣ ከጀንፈል ወደ ንጹህ 1/2። ከእሸት ወደ ጀንፈልስ? ማንም ሳይነግርሽ 1/6 ÷ 1/2 = 1/3 ብለሽ ታገኚዋለሽ፤ ሦስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ጀንፈል። አጋሮም ሆነ የቡ እሸት የሚረከብ ሰው ይህን በቃሉ ይዞታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ብትጠይቂው ትከሻውን ይነቀንቃል።

እስከ ሐሙስ ይህን ሠርተሽ አምጪልኝ። አንዲት ሴት በ3/4 ኪሎ የታሸገ 20 እሽግ የተቆላ ቡና ማዘጋጀት ትፈልጋለች። ሲቆላ 1/6 ይቀንሳል፣ ሲቀሸር ከጀንፈሉ እኩሌታው ይቀራል። ስንት ፈረሱላ ጀንፈል ትግዛ? በኪሎ ሙሉ ቁጥር ይመጣልሻል፣ በፈረሱላ አይመጣም፤ በፈረሱላው መልስ ላይ ከሙሉው ቁጥር ጎን ያለችው ክፍልፋይ ስንት ኪሎ እንደሆነችም ከጎኗ ጻፊልኝ።